ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፦ የመጨረሻዋ ጠርሙስ ሪስሊንግ ጉዞ

የወይን ጠጅ ነገር የሚጽፉ ሰዎች አውሮፕላን ተሳፍረው ጀርመን ይወርዳሉ፤ ወንዝ ዳር፣ ኮረብታ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። እኔ የተሳፈርኩት ቀዩን የሜትሮ መስመር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ደርሼ የተመለስኩበትን አንድ እሑድ ነው የምተርክላችሁ። ርቀቱ አያኮራም። የሄድኩበት ጉዳይ ግን ቀላል አልነበረም፦ ሠላሳ ዓመት በጓደኝነት ኖረው በአንድ ብርጭቆ ወይን የተኳረፉ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ማቀራረብ ነበረብኝ። ያጣላቸው ነገር ደግሞ እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ አብሮኝ ይጓዝ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2012፣ ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ የጀመረበት ሰሞን ነው። ሰዓቱን የጻፍኩት እኛ እንደምንቆጥረው ነው፤ የፈረንጅ ሰዓት የለመደ ስድስት ይጨምርበት።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሽ ታደሰና እኔ የምንኖረው አንድ ሕንጻ ላይ ነው፤ እሳቸው ሰባተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። መሀል ዋሽንግተን ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የድግስ አስተናጋጆች አለቃ ናቸው። እኔንም ሳህን ከማንሣት አውጥተው ወይን መቅዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከመቅዳት በፊት ደግሞ ማሽተት። ዛሬም ብርጭቆ ሳነሣ አገጬን ቀና የማደርገው እሳቸውን አይቼ ነው፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰባት ሆነን የወይን ማኅበር አቋቋምን። ሥርዓቱን የወሰድነው ከጽዋ ማኅበር ነው። በወር አንዴ ባለተራው ቤት እንሰበሰባለን፤ ጠርሙሱ ምን እንደሆነ እንዳይታወቅ በቡናማ የወረቀት ከረጢት ተሸፍኖ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ የሸተተውን ይናገራል፤ እኔ ጸሐፊዋ በደብተር እጽፋለሁ። ሲያበቃ ቀጣዩ ባለተራ ደብተሩን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ማኅበራችን በፖለቲካ እንኳ ተከባብሮ አልፏል፤ በሪስሊንግ ግን አልሆነለትም። ሪስሊንግ ከጀርመን የመጣ ነጭ የወይን ዘር ነው፤ ብርጭቆው አፍንጫ ሳይደርስ ሽታው ቀድሞ ይደርሳል። ከአባሎቻችን አንዱ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ "ብርዝ ነው፤ ለልጆች ስጡት" ይላል። ሮክቪል የምትኖረው ነርስ ደግሞ አዋዜ ጥብስ ካለ ከሱ ሌላ እንዳይቀርብላት ታስጠነቅቃለች። ጣፋጭ ነው የሚለው ጣፋጩን ብቻ ነው የቀመሰው፤ ኮምጣጣ ነው የሚለውም ኮምጣጣውን ብቻ። ዓመታት ሲቆይ ደግሞ ሌላ ጉድ ያመጣል፤ ቤንዚን መሽተት ይጀምራል። ቀልዴን አይደለም። አዋቂዎቹ ያንን ሽታ ፈልገው ገንዘብ ይከፍሉበታል።

ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ተራው የጋሽ ታደሰ ነበር። ጋሽ በላቸው ከአሌክሳንድሪያ መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ጋሽ በላቸው ሃያ ሁለት ዓመት ጋዝ ስቴሽን የሠሩ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ ካሸር፣ ኋላ ማናጀር። ከከረጢቱ የተቀዳላቸውን አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ። "ይኼ እኮ ጋዝ ነው። ስሠራ የምውልበትን ሽታ ነው እንዴ የቀዳህልኝ?" አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ታደሰ ያን ወይን ብዙ ፈልገው ያገኙት ስለነበር ሳቁ ከነከናቸው፤ "ሃያ ሁለት ዓመት ጋዝ ያሸተተ አፍንጫ ስለ ወይን ምን ሊያውቅ ነው" አሉ። ጋሽ በላቸው ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ ጃኬታቸውን አነሡ፣ ደህና እደሩ ብለው ወጡ። ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አፋቸው ግን አንዳንዴ ይቀድማቸዋል። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወሉም። ደብተሩ ላይ በጋሽ በላቸው ስም ፊት የጻፍኩት "ጋዝ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

ያን እሑድ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ደውለው ጠሩኝ። ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንገቷ የረዘመ አረንጓዴ ጠርሙስ ቆማለች። ወዲያው አወቅኋት። ያኔ ስድስት ገዝተው ነበር፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

"ዘኒ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። "በሩን ግን ዝጊው።"

ሚያዝያ ላይ ክፉ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ጉንፋኑ ሲሄድ የማሽተት ስሜታቸውን ይዞት ሄደ። ያወቁት ሽሮ ጥደው ቴሌቪዥን እያዩ ነው፤ ሽሮው አርሮ፣ ድስቱ ጠቁሮ፣ የጭስ አላርሙ እስኪጮህ ምንም አልሸተታቸውም። ዶክተሩ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አላቸው። ሆቴል ውስጥ አሁንም ቡሹን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አስመስለው ነው። ይህን ሁሉ ወር ለማንም አልተነፈሱም። እየሰማሁ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለእኔ ማሽተት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።

"ይቺ ጠርሙስ ትሙት ትኑር፣ ወይኗ ይበላሽ አይበላሽ አላውቅም" አሉ። "የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ለበላቸው ውሰጂለት። ያሽትታትና የሸተተውን ደብተሩ ላይ ጽፈሽ አምጪልኝ።"

ለምን ራሳቸው እንደማይደውሉ ጠየቅኋቸው።

"ምን ብዬ? በአፍንጫው የሰደብኩት ሰው፣ አሁን አፍንጫህን አውሰኝ ልበለው?" ጠርሙሷን በፎጣ መጠቅለል ጀመሩ። "የኔን ነገር እንዳትነግሪው። ካወቀ ያዝንልኛል። ማዘንና መታረቅ ለየብቻ ነው።"

እሺ አልኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ምስጢር እኔ ሆድ ውስጥ እንደ ሽሮ ነው፣ ካልከደኑት ይገነፍላል።

ለጉዞው ሰበብ ነበረኝ። የሚቀጥለው ወር ተራ የጋሽ በላቸው ነው፤ ደብተሩን ላድርስ ብዬ ከዋዜማው ደውዬላቸው ነበር። ካኮረፉ ወዲህ እንደሚያደርጉት ተራውን ለሌላ ስጪው ብለውኛል፤ አንቺ ግን ምሳ ሳትበዪ እንዳታልፊን ብለውም አክለዋል። በሩን ጨርሰው አልዘጉትም ማለት ነው ብዬ በዚያች ተጽናንቼ ወጣሁ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ባቡር ላይ

የሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ከፍ ያለ ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ለትኬት አራት ዶላር ከምናምን ሳንቲም ሄደብኝ። ቦርሳዬን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ባቡሩ ታኮማን እስኪያልፍና ከዚያም በኋላ ከመሬት በላይ ስለሚሄድ የሰው ጓሮ ለጓሮ እያዩ መጓዝ ነው፦ የተሰጣ ልብስ፣ የተገለበጠ የልጅ ብስክሌት፣ ቀይና ቢጫ ቅጠል የሸፈነው ሣር። ይህን መንገድ ለሥራ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ በጠርሙስ ምክንያት ነው መሰለኝ ያን ቀን ልብ ብዬ አየሁት።

ብሩክላንድ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ተሳፈሩ፤ ሙሉ ልብስ ከነባርኔጣው፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ይመስላሉ። ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ከፎጣው የወጣውን ረጅም አንገት አዩ። ሪስሊንግ ነው ወይ አሉኝ። ነው አልኩ። ባለቤታቸው ከሱ ሌላ እንደማትጠጣ፣ ለእሳቸው ግን የሴት ሽቶ የጠጡ እንደሚመስላቸው ነገሩኝ። አርባ ዓመት ሲከራከሩ መኖራቸውንም ጨመሩልኝ። ጣፋጩ ነው ወይስ ስኳር የሌለው ደረቁ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከቆየ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም አልኩ። ምን እንደሆነ ሳታውቂ የት ይዘሽው ትሄጃለሽ አሉ።

"ሁለት ሰዎች ተጣልተው ለማስታረቅ ነው" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉልኝ። "እንደሱ ከሆነ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ እንዳይናጥ" አሉኝና ዩኒየን ስቴሽን ላይ ወረዱ። እኔም ከዚያ ጀምሮ ጠርሙሷን ቀጥ አድርጌ ይዤ ክንዴ ዛለ።

ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው መስመር ቀየርኩ። ቢጫው መስመር ደግ ነው፤ ከዋሻው ወጥቶ ፖቶማክን በድልድይ ያሻግራል። ውኃው ላይ ፀሐይ ወድቆበት ሰው ሁሉ ከስልኩ ቀና አለ። ወዲያ ማዶ ነጭ ጉልላት ይታያል፤ ከላይ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ወንዙን እስክንሻገር በልቤ አንድ ነገር ብቻ እደግም ነበር፦ እንዳልናገር፣ እንዳልናገር።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ኪንግ ስትሪት

ከጣቢያው ደጃፍ በነጻ የሚጭን ትሮሊ የሚሉት አውቶቡስ አለ፤ ቀዩን የጡብ መንገድ ይዞ እስከ ወንዙ ዳር ይወርዳል። ምሳ ገና ስለሆነ ተሳፈርኩ። የያዝኩት ጠርሙስ የጋሽ ታደሰ መልእክት እንጂ የእኔ ስጦታ አይደለም፤ ባዶ እጄን ሰው ቤት አልገባም። ከአንድ ዳቦ ቤት የአልመንድ ኬክ በአሥራ አራት ዶላር ገዛሁ። ትንሽ ናት፤ ግን ሪባኑ ያምራል።

ከዳቦ ቤቱ ሁለት በር አልፎ ጠባብ የወይን ሱቅ አየሁ። ስለ ጠርሙሷ ምክር ልጠይቅ ገባሁ። ሻጯ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ጽሑፉን ካየች በኋላ እጇን በሽርጧ ጠርጋ እንደ ገና ያዘችው። ሪስሊንጎቹን በሩ አጠገብ ለብቻቸው የደረደረቻቸው ደንበኞቿ እንዳይቸገሩ መሆኑን ነገረችኝ፦ ግማሹ በቀጥታ ወደዚያ መደርደሪያ ይሄዳል፣ ግማሹ ዞሮ ያልፈዋል፣ መሀል ላይ ቆሞ የሚያመነታ ግን የለም። እሷስ ከየትኞቹ ናት ብዬ ጠየቅኋት። ከሚሄዱት ነኝ አለች፤ የእናቷን የጡረታ ግብዣ ያበላሸችው ግን በዚሁ ወይን ነው፤ አክስቶቿ ኬሮሲን አጠጣችን ብለው እስከ ዛሬ ያነሡባታል።

ምክሯን ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። በጣም አይቀዝቅዝ። ብርጭቆው ሰፊ ይሁን። ሲሦውን ብቻ ይቀዳ፤ የተረፈው ቦታ የሽታው ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ያን ምክር በሙሉ ልቤ ጽፌ፣ አንዲቷን እንኳ እንዳልሠራሁባት አሁኑኑ ልናዘዝ።

ሰባት ሰዓት፣ ጋሽ በላቸው ቤት

በትሮሊው ወደ ጣቢያው ተመልሼ ወደ ምዕራብ አሌክሳንድሪያ የሚወስደውን አውቶቡስ ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የጡቡ መንገድና የቱሪስቱ ካሜራ ቀርቶ ረጃጅም የኪራይ ሕንጻ ይመጣል፤ አውቶቡሱም ነጠላ በለበሱ፣ ከቅዳሴ በሚመለሱ እናቶች ይሞላል። አንዷ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ በፎጣ የያዝኩትን አይታ ጠበል መስሏት እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ጋሽ በላቸው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም። አገላብጠው ስመውኝ ልጆቼን በየስማቸው ጠየቁኝ። ፎጣውን ስፈታ ጠርሙሷን አዩ። አወቋት። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

ለባለቤታቸው ለእትዬ አልማዝ ግን ጠርሙስ ሁሉ አንድ ነው። "ነጭ ነው አይደል? በይ ይቀዝቅዝልን" ብለው ተቀበሉኝና ፍሪዘር ውስጥ ከዶሮው ጎን አጋደሙት። አፌን ከፈትኩ። ምክሩ ደብተሩ ላይ አለ። ግን በሰው ቤት፣ በታላቄ ፊት፣ ፍሪዘርዎ አይሆንም ተብሎ እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝና አፌን ዘጋሁ።

ምሳው ጭንቀት የሚያስረሳ ነበር፦ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ከምጣዱ ገና የወጣ አዋዜ ጥብስ። ደብተሩን ሳነሣ ጋሽ በላቸው ለሌላ ስጪው ብዬሻለሁ አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ ድካም ብቻ። ፍሪጁ አናት ላይ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን አለ፤ በጋሽ በላቸው እጅ "ማኅበር" ተብሎ ተጽፎበታል። የወይን ብርጭቆዎቻቸው ናቸው። ያን ሳይ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ እትዬ አልማዝ ጠርሙሱን አወጡት። አንገቱ ላይ በረዶ ይዟል። የውኃ ብርጭቆ ደረደሩና ሞልተው ቀዱ፤ እስከ አፉ፣ ሊፈስ ጥቂት እስኪቀረው። በእሳቸው ቤት አጉድሎ መቅዳት እንግዳን መናቅ ነው። ሲሦ ብቻ የሚለው ምክር ትዝ ሲለኝ የብርጭቆው ነገር አልቆለት ነበር። ጋሽ በላቸውም ባለቤታቸው የቀዱትን በእንግዳ ፊት እምቢ አይሉም። አነሡት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ቆዩ። እንደ ገና አሸተቱ።

"ምንም አይሸትም" አሉ።

ሞታለች አልኩ፤ የጋሽ ታደሰ የመጨረሻዋ ጠርሙስ ሞታለች። ደንግጬ ሳለሁ ቃሉ ራሱ ከአፌ ወጣ።

"ጋሽ ታደሰም እንደዚያው ነው የሚሉት።"

ጋሽ በላቸው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ምን ማለትሽ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ መሸሸግ አልቻልኩም፤ ጉንፋኑን፣ ሽሮውን፣ ሆቴል ውስጥ ቡሹን ይዘው ማስመሰላቸውን፣ እንዳልናገር ማስጠንቀቃቸውን ሳይቀር ዘረገፍኩት። እትዬ አልማዝ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ በላቸው ግን ትንሽ ትንሹን ይጠይቁኝ ጀመር። ከመቼ ጀምሮ? በርበሬስ አይሸተውም? ሳሙናስ?

ሲጨርሱ ተነሡ። ያን ካርቶን ከፍሪጁ አናት አውርደው ፕላስተሩን በቢላ ቀደዱ። አንድ ብርጭቆ መርጠው በሙቅ ውኃ ብቻ አጠቡት፤ ሳሙናው እንዳይሸት። ከሞላው ብርጭቆ ጥቂቷን ገለበጡበትና በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ተቀመጡ።

"አልማዝዬ፣ የቀዘቀዘ ነገር አይሸትም" አሉ። "በክረምት ጋዝ ፈሶ ሰው ይራመድበታል፣ አያውቀውም። በበጋ አንድ ጠብታ ብትፈስ መንገድ ማዶ ያለው ሰው ይነግርሻል። ይኼን ሃያ ሁለት ዓመት አይቻለሁ።"

አሥር ደቂቃ ያህል እንዲሁ ያዙት። ከዚያ አፍንጫቸውን አስገቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የሎሚ ልጣጭ" አሉ። ቆዩ። "ኮክ፤ በጣም የበሰለ። ማር... ከነሰፈፉ።" ከዚያ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። "መጣች፣ ያቺው ሽታ። አለች። ደህና ናት።"

እስክሪብቶዬን አንሥቼ መጻፍ ስጀምር እጃቸውን ደብተሩ ላይ አኖሩ።

"ያኔ ያስከፋኝ ስድቡ ብቻ አይደለም፣ ዘኒ። ሃያ ሁለት ዓመት ጃኬቴን ኮሪደር ላይ አውልቄ ነው እዚህ ቤት የገባሁት፤ ልጆቼ ጋዝ ጋዝ እንዳይሸቱ። ከዚያ ሽታ ተገላገልኩ ስል፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ብርጭቆ ውስጥ ጠበቀኝ።"

እትዬ አልማዝ ከኩሽና በኩል፣ "እኔ እኮ በሱ ሽታ ነበር መግባትህን የማውቀው" አሉ። "ሺፍት ተቀይሮ ያመሸህ ቀን፣ እሱ እስኪሸተኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።"

ጋሽ በላቸው ዞረው አዩዋቸው። ይህን ከዚያ በፊት የሰሙት አልመሰለኝም። ከዚያ ብድግ አሉና ቡሹን መልሰው ጠርሙሱ ላይ አጠበቁት። "አትጻፊ። የሚነገረውን ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ" አሉኝና የመኪና ቁልፋቸውን ፈለጉ።

አሥር ሰዓት፣ ቤልትዌይ

ጋሽ በላቸው ሕግ አክባሪ ሹፌር ናቸው። የተከፈተ ጠርሙስ ተሳፋሪው ጋ አይቀመጥም ብለው በፎጣው ጠቅልለው ትራንክ ውስጥ፣ በትርፍ ጎማውና በታሸገው ውኃ መሀል አስደገፉት። ራሳቸው ከማሽተት በቀር ከንፈራቸውን እንኳ አላረጠቡም። እትዬ አልማዝ ለጋሽ ታደሰ ምስር ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ ቋጠሩ፤ "ባይሸተውም ይቀምሰዋል" አሉ። የእኔን ኬክ ግን አስቀሩት።

ዋሽንግተንን በሚከበው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ ዞረን ፖቶማክን ዳግመኛ ተሻገርን። ቅጠሉ በሁለቱም ወገን ቀልቷል፤ ትራፊኩ እሑድ ስለሆነ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። እኔ ምስጢር ያወጣሁ ሰው ስለነበርኩ ጥፋቴን እያሰላሰልኩ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤቴዝዳን እንዳለፍን፣ በጣም ከፍቶታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከፍቷቸዋል አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ጆርጂያ አቬኑ መውጫ ላይ ፍሬቻ አበሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰባተኛ ፎቅ

ጋሽ ታደሰ በሩን የከፈቱት እኔን ብቻ ጠብቀው ነው። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ከኋላዬ ጠርሙስ አቅፈው የቆሙትን ጋሽ በላቸውን። ወዲያው ወደ እኔ ተመለሱ፤ መናገሬን ከፊቴ አነበቡት። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

"በላቸው" አሉ። "ያን ቀን የተናገርኩት..."

"ብርጭቆ አምጣ" አሉ ጋሽ በላቸው። "ሁለት። ሰፊውን።"

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ በላቸው ሲሦ ቀዱ። ጋሽ ታደሰ ጎንጨት አሉና ምላሳቸው ላይ ጣፋጭና ኮምጣጣ ብቻ እንዳለ፣ ከዚያ በላይ ያለው እንደጠፋባቸው ተናገሩ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ሆቴሉን ሙሉ በአንድ ዓይን የሚያዙት ሰው እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

"ያዛት፣ አትቸኩል" አሉ ጋሽ በላቸው። "እኔ እነግርሃለሁ።"

"አንተ እኮ አትወደውም።"

"አሁንም አልወደውም። አንተ ትወደዋለህ አይደል? ለአንተ ነው የማሸተው።"

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ፣ በጋሽ በላቸው በኩል አስቀመጥኩት። መልሰው አልገፉትም። የሚቀጥለው ወር ተራ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ተረድቼዋለሁ።

ጉዞ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ስለ ሪስሊንግ የተጣላ ሰው ሁሉ ልክ መሆኑን ነው። ጣፋጭም ነው፣ ኮምጣጣም ነው፣ ማርም ቤንዚንም ይሸታል፤ ማን ምን እንደሚሸተው የሚወስነው ብርጭቆው ብቻ አይደለም፣ ሰውየው የኖረውም ኑሮ ነው። አንድ ሰው ይሄ እንዲህ ይሸተኛል ሲል መሳቅ ቀላል ነው፤ ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ይሻል ነበር፤ ማናችንም አልጠየቅንም፣ እኔም ጭምር። ለራሴ ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘሁ፦ ይሉኝታ ጠርሙስ ያቀዘቅዛል። ባልቀዘቀዘ ኖሮ ግን ምስጢሩ ባልወጣ ነበር፤ ስለዚህ በእትዬ አልማዝ ፍሪዘር አልማረርም።

ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቴ ልወርድ ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ማናቸውም አላዩኝም። ጋሽ በላቸው ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው ይዘው ቀስ እያሉ ይናገራሉ፤ ሎሚው፣ ኮኩ፣ ማሩ። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በሩን ልዘጋ ስል ጥያቄያቸውን ሰማሁ።

"ጋዙስ?"

"አለ" አሉ ጋሽ በላቸው። "አይዞህ፣ አለ።"